ተፈጥሮን ዕቃ ያደረገ ጥበብና ተፈጥሮን ባልደረባ ያደረገ ጥበብ በምን ይለያሉ?

ጥያቄ
ጠያቂ፦ መግቢያ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። «ተፈጥሮና ባህል» የሚል ርዕስ ለተሰጠው አነስተኛ ዐውደ ርዕይ የመግቢያ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ ከቆየሁ በኋላ፣ የቸገረኝ የቃላት እጥረት ሳይሆን የሐሳብ አለመጥራት መሆኑ ስለገባኝ ወደ እናንተ መጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚቀርቡት ሥራዎች አንዱ ደርቀው በመስታወት ውስጥ የተደረደሩ ቅጠሎች ናቸው። ሌላው በርጥብ አፈር የተሞላና ዐውደ ርዕዩ ክፍት ሆኖ በሚቆይባቸው ሳምንታት ዘር የሚበቅልበት ሰፊ የእንጨት ሣጥን ነው። ሁለቱም ከተፈጥሮ የተገኙ ናቸው፤ ስለ ሁለቱም የተጻፈው ማብራሪያ «የሰውንና የተፈጥሮን ግንኙነት ይመረምራል» ይላል። እኔ ግን በፊታቸው ስቆም የሚሰማኝ አንድ አይደለም። ቅጠሎቹን ሳይ የማየው የሠዓሊዋን ምርጫ፣ የቀለም ጣዕሟንና የእጇን ጥንቃቄ ነው። ሣጥኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ለሙከራ ቀድሞ የመጣ ስለሆነ በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ የአፈሩ ገጽ በቀጭኑ ተሰንጥቆ፣ አንገቱን የደፋ ነጭ ቡቃያ አንዲት የአፈር ጓል በጀርባው ተሸክሞ ሊነሣ ሲታገል አገኘሁት። በማግሥቱ ጓሏ ወድቃ ቡቃያው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ያደረገው ሠዓሊው ነው ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም፤ ሠዓሊው የለበትም ማለትም አልችልም።

ስመ ጥር የሆኑትን ሥራዎች ሳነብም ይኸው ጥያቄ አይለቀኝም። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ላይብ ከመኖሪያው አካባቢ ሜዳና ጫካ በገዛ እጁ የሰበሰበውን የአበባ ብናኝ በወንፊት እየነፋ ወለል ላይ ያነጥፋል፤ በ2013 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ያነጠፈው ቢጫ አደባባይ አንድ ሰፊ ክፍል የሚያህል ነበር። ሠዓሊው ኦላፉር ኤሊያሰን ደግሞ ከጂኦሎጂ ባለሙያው ሚኒክ ሮሲንግ ጋር ሆኖ ከግሪንላንድ ባሕር የተነሡ የበረዶ ግግሮችን ከተማ መሃል አምጥቶ እንዲቀልጡ ትቷቸዋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተፈጥሮን እንደ ዕቃ የሚጠቀመውን ሥራ ተፈጥሮን እንደ ባልደረባ ከሚያሠራው የምንለይበት መስፈርት ይኖር ይሆን? ካለ፣ ለተራ ተመልካች በሚገባ ቋንቋ እንዴት ይነገራል?


መልስ
የጥበብ ታሪክ መምህር

ውድ ጠያቂ፣ ቡቃያውን ጎንበስ ብለው መመልከትዎ ብዙ መጻሕፍት ከሚሰጡት የተሻለ መነሻ ሰጥቶዎታል። እኔ ከራሳችን ቋንቋ ልጀምር፤ ምክንያቱም ርዕሱ ላይ የተቀመጡት ሁለት ቃላት ሳይመረመሩ እንደ ተቃራኒዎች ከተያዙ ጽሑፉ ከመጀመሪያው መስመር ላይ መንገድ ይስታል።

«ባህል» የመጣው «አለ፣ ተናገረ» የሚል ትርጉም ካለው «ብህለ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። ስለዚህ በመነሻው ባህል ማለት የተባለው፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው ነገር ነው። «ተፈጥሮ» ደግሞ «ፈጠረ» ከሚለው ይወጣል፤ የተፈጠረው ማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሠዓሊውን ሥራ የምንጠራበት «ፈጠራ» የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር የበቀለ መሆኑ ነው። ቋንቋችን ሠዓሊውንና ሣሩን በሁለት አጥር ለይቶ አላስቀመጣቸውም። ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ለባህል የሚጠቀሙበትን ቃል ያገኙት ደግሞ መሬት ማረስንና መንከባከብን ከሚያመለክት የላቲን ግስ ነው። በአንዱ ወገን ባህል ንግግር ነው፤ በሌላው ወገን እርሻ ነው። ሁለቱም የተፈጠረውን ነገር ተቀብሎ አንድ ነገር ማድረግን ያሳያሉ።

እርሻ ካልን የአግነስ ዴነስን የ1982 ሥራ ማንሣት ግድ ይላል። ይህች ሠዓሊ በኒው ዮርክ ከተማ በማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ፣ ወንዙ ተሞልቶ በተገኘ ባዶ መሬት ላይ፣ የገንዘብ ንግድ ማዕከል ከሆነው ከዎል ስትሪት ጥቂት እርምጃ ርቃ ስንዴ ዘራች። ቦታው ሁለት ኤከር ማለትም ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነበር። ሁለት መቶ የጭነት መኪና አፈር ተራገፈበት፤ ድንጋዩና ጥራጊው ተለቅሞ 285 ትልሞች በእጅ ተቆፈሩ፤ አዝመራው ውሃ እየጠጣና እየታረመ አራት ወር ገደማ ቆየ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሲታጨድ ወደ 450 ኪሎ ግራም የሚጠጋ እህል ተገኘ። በወቅቱ የተነሡትን ፎቶግራፎች ፈልገው ይመልከቱ። ሠዓሊዋ በትር ይዛ በወርቃማው ዛላ መካከል ቆማለች፤ ከኋላዋ ሁለቱ የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ተገትረዋል። ዴነስ ማሳዋን «መጋፈጥ» ብላ የጠራችው በከንቱ አልነበረም፤ በቢሊዮን ዶላር የሚተመን መሬት ላይ ዳቦ የሚሆን እህል ማብቀል መሬት ለምን እንደሚውል የሚጠይቅ ተግባር ነው። እህሉ በኋላ ረሃብን ለማጥፋት ከተዘጋጀ ዐውደ ርዕይ ጋር 28 ከተሞችን ዞሯል፤ ዘሩም ወደ ሰዎች እጅ ገብቶ በሌላ ስፍራ ተዘርቷል።

በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሴፍ ቦይስ በጀርመኗ ካሰል ከተማ 7000 ዛፎች የመትከል ሥራ ጀመረ። ከሙዚየሙ ፊት ለፊት 7000 የባዛልት ድንጋዮች ተከመሩ፤ አንድ ዛፍ በተተከለ ቁጥር አንድ ድንጋይ ከክምሩ እየተነሣ ከዛፉ ጎን ይቆማል። ክምሩ የሚያንሰው ዛፍ ሲተከል ብቻ ስለሆነ፣ የከተማው ሰው ምን ያህል ሥራ እንደቀረ በየዕለቱ በዓይኑ ያይ ነበር። ቦይስ በ1986 ዓመቱ እንደጀመረ ሞተ፤ የመጨረሻውን ዛፍ በቀጣዩ ዓመት የተከለው ልጁ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ በዛፉና በድንጋዩ መካከል ያለው መጠን ነው። ሲተከሉ ድንጋዩ ከችግኙ ጎን ግዙፍ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙዎቹ ዛፎች ከድንጋዩ እጅግ ልቀው ሄደዋል፤ ድንጋዩ ግን እንደነበረ ነው። የሥራው ቅርጽ በየዓመቱ ይለወጣል፤ የሚለውጠው ደግሞ ሠዓሊው አይደለም።

እንግዲህ መስፈርት ከጠየቁኝ፣ እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሠዓሊው ትቶት ከሄደ በኋላ ሥራው ምን ይሆናል? ከሄደ በኋላ የሚቀር እንጂ የሚሆን ነገር ከሌለ፣ ተፈጥሮ ዕቃ ሆናለች። ዕቃ መሆኗ በራሱ ነውር አይደለም፤ ቀለምም ከአፈር ይወጣል። ሠዓሊው ከሄደ በኋላ ሥራው የሚያድግ፣ የሚበሰብስ፣ የሚቀልጥ ወይም ሰው እየተቀባበለ የሚንከባከበው ከሆነ ግን ባልደረባ አለው። የእርስዎ ሣጥን ከዚህኛው ወገን ነው። የላይብን ብናኝ በተመለከተ፣ ብናኙ ወለል ላይ ሲነጠፍ የተፈጥሮ ሥራ አብቅቶ የሠዓሊው ትዕግሥት ብቻ ቀርቷል፤ ስለዚህ ድርሻው ከሁለቱ መካከል ይመስለኛል።


መልስ
እንጨት ጠራቢ

መምህራችን የሰጡን ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን እንደ እንጨት ሠራተኛ አንድ ነገር ቅር ያሰኘኛል። በዚህ መስፈርት ብንሄድ እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የማስበልጠው ሥራ ከ«ዕቃ» ወገን ሊወድቅ ነው።

ጣሊያናዊው ጁዜፔ ፔኖኔ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከዛፍ ጋር የኖረ ቀራፂ ነው። በ1968 ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የራሱን እጅ ቅርጽ በብረት አስቀድቶ በትውልድ ቀዬው ጫካ የአንዲትን ለጋ ዛፍ ግንድ እንዲጨብጥ አደረገው። የሥራው ርዕስ ዛፉ ከዚያች ቦታ በስተቀር ማደጉን ይቀጥላል የሚል ነው። በእርግጥም ግንዱ ዓመት በዓመት እየወፈረ የብረቱን እጅ ውጦታል። ይህ በመምህሩ መስፈርት ያለ ጥርጥር ያልፋል።

እኔ የማስበልጠው ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጀመረውን ሌላ ሥራ ነው። ፔኖኔ ከመጋዝ ቤት የወጣ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ወፍራም ምሰሶ ያነሣል። በምሰሶው ጫፍ ላይ ከሚታዩት የዕድሜ ቀለበቶች አንዱን ይመርጥና ያንን ቀለበት ብቻ ተከትሎ በመሮ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ከዚያ በኋላ ዛፉ የጨመረውን እንጨት ሁሉ ያነሣል። በመጨረሻ ምሰሶው ውስጥ ዛፉ በወጣትነቱ የነበረው ቅርጽ፣ ከነቀጫጭን ቅርንጫፎቹ፣ ቆሞ ይገኛል።

ይህን ሙያ ለማያውቅ ሰው ቅርጻ ቅርጽ ብቻ ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ እኔ በአንድ አሮጌ ምሰሶ ላይ ስሞክረው ያየሁትን ልንገራችሁ። ቀለበት ማለት እንደ ወረቀት የሳሳ ንጣፍ ነው፤ በፈዛዛውና በጠቆረው እንጨት መካከል ያለች ወሰን ናት። መሮው ከእሷ አንድ ፀጉር ያህል ቢያልፍ ሌላ ዓመት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ጉጥ ጋ ስትደርስ፣ በጣውላ ሥራ እንደ ጉድለት የምንቆጥረውና መላጊያ የሚያደናቅፈው ያ ጠንካራ ክብ፣ የቅርንጫፍ ሥር መሆኑን ታያለህ። ዙሪያውን በጥንቃቄ ስትፈለፍል ቅርንጫፉ በጣውላው ውስጥ እንዳለ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይወጣል። እኔ ሁለት ስንዝር ያህል ሄጄ አንዱን ቅርንጫፍ ሰበርኩት፤ ስብራቱ ውስጥ የሙጫ ሽታ ነበር፤ እንጨቱ ከተቆረጠ ሃያ ዓመት አልፎታል። ለሠላሳ ዓመታት ጉጥ ያለበትን ጣውላ ወደ ጎን ስጥል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጉጥ ሳይ እጄ ይቆማል።

ፔኖኔ እጁን ካነሣ በኋላ ያ ምሰሶ አያድግም፣ አይበቅልም። ነገር ግን በሥራው ጊዜ ቅርጹን የወሰነው ማን ነው? ዛፉ ነው። በየትኛው ዓመት ወዴት ዘንበል እንዳለ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ቀድሞ እንደወጣ ከተወሰነ ቆይቷል፤ ቀራፂው ታዝዞ መከተል ብቻ ነው ያለበት። በ1999 መጨረሻ ቬርሳይን የመታው ማዕበል ከጣላቸው ዛፎች አንዱን ዝግባ ወስዶ በዚሁ መንገድ ሲሠራ፣ ማዕበሉ ያበቃለትን ግንድ ከፍቶ የልጅነቱን ዛፍ በውስጡ አሳየን። ስለዚህ የእኔ መስፈርት «ከሄደ በኋላ ምን ይሆናል?» ብቻ ሳይሆን «በሚሠራበት ጊዜ የሚመራው ማን ነበር?» የሚልም ይጨመርበት ነው።


መልስ
የአፈር ባለሙያ

ከላይ የተባለውን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ስለ ጉጡ የተጻፈውንም ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ይሁን እንጂ «ባልደረባ» የሚለው ቃል ያሳስበኛል። ባልደረባ ተጠይቆ እሺ ያለ ሰው ነው፤ የሥራው ፍሬም ይደርሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሮ አልተጠየቀችም፤ የሚደርሳትም የለም። እኔ በሙያዬ የተበከለ መሬት ላይ ስለምሠራ፣ ማንኛውንም እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው መሬቱ ምን አገኘ ብዬ ነው።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮበርት ስሚዝሰን በ1970 በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሚገኘው ታላቁ የጨው ሐይቅ ዳር ወደ 460 ሜትር የሚረዝም ጠመዝማዛ መንገድ ከ6000 ቶን በላይ ጥቁር ባዛልትና አፈር በከባድ መኪና አስገፍቶ ሠራ። ሐይቁ ከፍ ሲል ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ዋጠው፤ ውሃው ሲቀንስ ጨው ለብሶ ወጣ። በመምህሩ መስፈርት ይህ ታላቅ ባልደረባነት ነው፤ ውበቱንም አልክድም። ነገር ግን ዛሬ ውሃው ከድንጋዩ ርቆ የሸሸው በድርቅና ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ለሰው ፍጆታ በመጠለፋቸው ነው። ሥራው ሳይታሰብ የሐይቁን መራቆት መስካሪ ሆኗል። እዚያ የሚታየውን ለውጥ «የተፈጥሮ እጅ» ብለን ብናልፈው፣ የሰውን እጅ ሸፍነን ማለፋችን ነው።

የኤሊያሰን የበረዶ ሥራም እንዲሁ በሁለት ዓይን መታየት ይኖርበታል። በ2015 ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ጉባኤ ፓሪስ ላይ ሲካሄድ 12 ግግሮች፣ በጠቅላላው 80 ቶን ገደማ በረዶ፣ እንደ ሰዓት ቁጥሮች በክብ ተደርድረው ሕዝብ በሚያልፍበት አደባባይ ቆሙ። ግግሮቹ ቀድመው ከዋናው በረዶ ተገምሰው ባሕር ላይ ሲንሳፈፉ የተያዙ ናቸው። ሰዎች ጆሯቸውን ሲያስጠጉ በጥንት ዘመን የታመቀ አየር በረዶውን እየሰበረ ሲወጣ የሚያሰማውን ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰሙ ነበር። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ሰንጠረዥና ግራፍ የማይሰጡትን ነገር አግኝቷል፤ ይህ ትልቅ ዋጋ ነው። በረዶውን ለማመላለስ የወጣው ካርቦን ወደ 30 ቶን እንደሚጠጋ ተሰልቶ በይፋ መነገሩ ደግሞ የሚያስመሰግን ይመስለኛል፤ ተመልካቹ ድምፁንም ወጪውንም አብሮ እንዲመዝን አድርጎታልና።

እኔ እንደ ምሳሌ የማነሣው ግን አሜሪካዊውን ቀራፂ ሜል ቺንን ነው። በ1991 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ በሚገኝ በከባድ ብረቶች በተበከለ የቆሻሻ መጣያ ላይ፣ ከአፈር ሳይንቲስቱ ሩፈስ ቼኒ ጋር አንድ ማሳ አዘጋጀ። በአጥር የተከበበ ክብ ቦታ ነው፤ በመካከሉ መተላለፊያዎች በመስቀል ቅርጽ ያልፋሉ። የተዘሩት ዕፅዋት ዚንክና ካድሚየም የተባሉትን ብረቶች በሥሮቻቸው ከአፈር ስበው በቅጠላቸው የሚያከማቹ ናቸው። ተክሉ ታጭዶ ሲወሰድ ብረቱም አብሮ ይወጣል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው በአጥር ውስጥ የበቀለ አረም ነው፤ የሚያስደንቅ ቀለም የለው፣ ለፎቶግራፍ የሚመች ነገር የለው። ቺን እንደሚለው ዕቃው መርዛማው መሬት ነው፤ መሮው ተክሉ ነው፤ የሚፈልገው ቅርጽ ደግሞ ማንም በዓይኑ ሊያየው የማይችለው የጸዳ አፈር ነው። በዚያ ዘመን ይህ የአጽጂ ዕፅዋት ዘዴ በመስክ ብዙም ያልተሞከረ ስለነበር፣ ማሳው የሳይንስ ሙከራም ነበር፤ ከተክሎቹ አንዳንዶቹ ብረቱን በእርግጥ መሳባቸውም ታይቷል። እዚህ ላይ ባህል ያቆሰለውን መሬት ባህልና ተክል ተጋግዘው ማከም ጀምረዋል። እኔ «ባልደረባ» የሚለውን ቃል ለዚህ ዓይነቱ ብቻ ባስቀምጠው እመርጣለሁ።


ምላሽ
መግቢያ ጸሐፊ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከአንድ መስፈርት ይልቅ ሦስት ጥያቄዎች ማግኘቴ ይሻለኛል፤ ምክንያቱም ከዐውደ ርዕዩ ሥራዎች ፊት በየተራ ቆሜ ስጠይቃቸው መልሱ በየሥራው እየተለየ ነው የመጣው። በመስታወት ውስጥ ያሉትን ቅጠሎችም እንደገና ሄጄ አየኋቸው። ሠዓሊዋ ትሎች የበሏቸውን ብቻ መምረጧን፣ ቅደም ተከተሉም የትሎቹን አበላል የሚከተል መሆኑን ከዚያ በፊት አላስተዋልኩም ነበር። የመራት ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እኔ እንደገመትኩት ቀላል አልሆነም።

አሁን ግን አዲስ ነገር ገጥሞኛል። የሣጥኑ አንድ ጥግ ሻግቷል። ነጭ፣ እንደ ጥጥ የላላ ሻጋታ አፈሩን አልፎ ወደ እንጨቱ ጠርዝ እየወጣ ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ከመክፈቻው በፊት አፈሩ እንዲለወጥ ጠይቀዋል፤ ሠዓሊው ደግሞ ሻጋታውም ሥራው ውስጥ ነው ይላል። እኔ መካከል ላይ ነኝ። ሕይወት ያለው ነገር አራት ግድግዳ መካከል ሲገባ እንዴት ይያዛል?


መልስ
የዐውደ ርዕይ አዘጋጅ

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ስለዚህ መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን ማሸነፍ አይደለም። የኃላፊው ሥጋት የመልክ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ሻጋታ ዘሩን በአየር ይበትናል፤ ወረቀት፣ ጨርቅና በሙጫ የተሠራ ነገር ሁሉ እርጥበት ካገኘ ይይዘዋል። የደረቁት ቅጠሎች በዚያው ክፍል ካሉ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወሩ፤ መስታወቱ በደንብ የታሸገ ቢሆን እንኳ እርጥበት በጊዜ ብዛት ይገባል። ሣጥኑ አየር በሚገባው፣ ከግድግዳ ራቅ ባለ ስፍራ ይቀመጥ፤ ውሃ የሚያጠጣውም ሰው አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ሰው ካጠጣው አንዱ የሌላውን አያውቅምና አፈሩ ይጨቀያል። ይህ ከተደረገ ሻጋታውን መተው ይቻላል። ሕመምተኞችና የመተንፈሻ ችግር ያለባቸው ሰዎች ከመግባታቸው በፊት እንዲያውቁት በበሩ ላይ መጻፍ ግን ግዴታ ነው።

በዚህ ጉዳይ አሜሪካዊው ማርክ ዲዮን ከ2006 ጀምሮ በሲያትል የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ ውስጥ የተከለው ሥራ ብዙ ያስተምራል። ከከተማው ውጭ በ1996 የወደቀ፣ ወደ 18 ሜትር የሚረዝም ሄምሎክ የተባለ ዛፍ ግንድ አምጥቶ ለእሱ ብቻ በተሠራ የመስታወት ቤት ውስጥ አጋደመው። በጫካ ውስጥ የወደቀ ግንድ አልሞተም፤ የዛፍ ሽበት፣ ፈርን፣ እንጉዳይ፣ ነፍሳትና የሌሎች ዛፎች ችግኞች የሚያድጉበት ማሳደጊያ ነው። ዲዮን ያንን ማሳደጊያ ወደ ከተማ ሲያመጣው፣ ጫካው በነፃ ይሰጠው የነበረውን ሁሉ በመሣሪያ መተካት ግድ ሆነ፦ ጥላውን የሚመስል አረንጓዴ መስታወት፣ እርጥበት የሚረጭ ቧንቧ፣ አየር የሚያመላልስ ማሽን። ጎብኚው አጉሊ መነፅር ይዞ የዛፉን ሽበት ሲመለከት፣ አንድ የወደቀ ዛፍ በሕይወት ለማቆየት ይህ ሁሉ እንደሚያስፈልግ ያያል። ሥራው እንዲያሳዝን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሆስፒታል ክፍል ይመስላል። እርስዎም ሣጥኑን የምታጠጡበትን ጣሳና የእርጥበት መለኪያውን ከመጋረጃ ጀርባ አትደብቁት። ማንም ሰው ውሃ ሲያጠጣ ተመልካች ቢያየው ሥራው አይጎድልም፤ ይልቁንም ይሞላል።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ተፈጥሮ የሚባለው ነገር በዐውደ ርዕያችሁ ውስጥ አረንጓዴና ርጥብ በሆነው ብቻ እንዳይወሰን። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ተጥለው የተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የኮምፒውተር ቁርጥራጮችን በትዕግሥት እየጎነጎነና እየደረደረ በሚሠራቸው ሰፋፊ ሥራዎች ፊት ስቆም፣ ከሩቅ የማየው ከአውሮፕላን መስኮት የሚታይ ማሳና ወንዝ ነው፤ ሲቀርቡት ግን የቁልፍ ሰሌዳ ፊደላትና የመዳብ ክር ይሆናል። መዳቡም ከተራራ ሆድ የወጣ ነው። በውስጡ አንዲት ቅጠል የለችም፤ ለእኔ ግን ስለ ተፈጥሮ ከሚናገሩት ሥራዎች ግንባር ቀደሙ ነው።


መልስ
የጥበብ ታሪክ መምህር

በጠራቢው ወንድማችን ተረትቻለሁ፤ ለተማሪዎቼም ከእንግዲህ ሁለቱንም ጥያቄዎች እሰጣለሁ። ለአፈር ባለሙያው ደግሞ አንድ ነገር ልመልስ። «መሬቱ ምን አገኘ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙ ዘግይቶ ለሚመጣ ሥራ እንዴት እንደሚመለስ ማሰብ ይኖርብናል። ስኮትላንዳዊቷ ኬቲ ፓተርሰን በ2014 ከኦስሎ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጫካ 1000 የስፕሩስ ችግኞች አስተከለች። በየዓመቱ አንድ ደራሲ አንድ ጽሑፍ ይሰጣል፤ ጽሑፉ ሳይነበብ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዚሁ በተሠራ ክፍል ይቀመጣል፤ በ2114 ዛፎቹ ተቆርጠው ወረቀት ሆነው መቶዎቹ ጽሑፎች ይታተሙባቸዋል። እስከዚያ ድረስ ሥራውን በእጃቸው የያዙት ችግኞቹን የሚጠብቁ የደን ሠራተኞች ናቸው። አንድ ትውልድ ቸል ቢል መጽሐፉ የለም። እኔ ይህን ሳስብ ባህል ማለት «የተባለው» ነው ያልኩት ትርጉም ይሰፋብኛል፤ እዚህ የተባለው ነገር ተነግሮ አላለቀም፤ ዛፉ እስኪያድግ ይጠብቃል።


ምላሽ
መግቢያ ጸሐፊ

የአዳራሹ ኃላፊ ተስማምተዋል። ቅጠሎቹ ወደ ሁለተኛው ክፍል ተዛውረዋል፤ ሣጥኑ መስኮቱ አጠገብ፣ ጣሳው ከጎኑ ተቀምጧል። ከመግቢያ ጽሑፌ ላይ «ተፈጥሮና ባህል የሚቃረኑበት» የሚለውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሰርዤ፣ በምትኩ ስለ ቡቃያውና ስለ ጓሏ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። የቀረኝ የመግለጫ ካርዱ ነው። «የተሠራበት ነገር» በሚለው መስመር ላይ ምን ይጻፋል? «እንጨት፣ አፈር፣ ዘር» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሠዓሊው ሻጋታ እንዲጨመር ይፈልጋል።


መልስ
እንጨት ጠራቢ

ሻጋታውን ይጨምሩት። ከእሱ ቀጥሎ ውሃ ይጻፉ፤ የሚያጠጣውንም ሰው ስም፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ከሠዓሊው ስም በታች ያስፍሩለት። ስለ እንጨቱ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። «እንጨት» ብቻ ብለው አይለፉት። ሣጥኑ ከምን ዛፍ እንደተሠራ ሠዓሊውን ይጠይቁት፤ እሱም የማያውቀው ከሆነ ጥግ ላይ የጣውላውን ጫፍ በትንሽ ውሃ ያርጥቡና ቀለበቶቹን ይቁጠሩ። ስፍራው ጥቁር ሲሆን መስመሮቹ ጎልተው ይታያሉ። ቁጥሩን በካርዱ ላይ ያስፍሩት።